ስለ ሞተር ምርጫ፤ ጣራው የሚገለጥ አሮጌ መኪና ለሚገዛ ሰው

ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1890ዎቹ መጀመሪያ፣ በአዲስ አበባ ዙሪያ የነበረው ደን እየተመነጠረ ማገዶ በመወደዱ፣ መናገሻ ከተማቸውን ወደ ምዕራብ አዛውረው በአዲስ ዓለም ለመቀመጥ ዐስበው ቤተ መንግሥት ማሠራት ከጀመሩ በኋላ፣ ባሕር ዛፍ ተተክሎ የዋና ከተማው የማገዶ ችግር ስለ ቀለለ ዐሳባቸውን ለውጠው ሕንፃውን ለእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ማድረጋቸው በታሪክ የታወቀ ነው፤ ከዚያ ዐሳብ የተረፈው ሌላው ቅርስ ደግሞ ሁለቱን ከተሞች ያገናኘው፣ ከሀገራችን የመጀመሪያ ዘመናዊ መንገዶች አንዱ የሆነው ጎዳና ነው። የመንግሥት መቀመጫ የት ይሁን የሚለውን ጉዳይ በፍጻሜው የቈረጠው የማገዶ ዋጋ ከነበረ ዘንድ፣ ዛሬ በዚሁ ጎዳና የሚነዳው መኪና ለመግዛት የሚያስብ ሰው ከቀለሙና ከመልኩ አስቀድሞ ስለሚያነደው ነገር ቢመረምር ከአባቶቹ ልማድ አልወጣም።

በ1900 ዓ.ም. ቤድ ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ ሲድሌይ የሚባለውን አውቶሞቢል ከጅቡቲ ተነሥቶ በረሃውን አቋርጦ አዲስ አበባ ባስገባ ጊዜ፣ ጥቂት ቆይቶም ጀርመናዊው አርኖልድ ሆልዝ ሌላውን ይዞ በመጣ ጊዜ፣ መኪና ሁሉ ማለት ይቻላል ክፍት ወይም የሸራ ጣራ ያለው ስለ ነበረ የጣራው አለመኖር ማንንም አላስደነቀም። ዛሬ ግን ጣራው የሚገለጥ መኪና የጌጥና የክብር ንዋይ ሆኗል፤ በጥር ወርና ከዳግማ ትንሣኤ በኋላ ባሉት የሰርግ ሳምንታት ከሆለታ እስከ አምቦ ባሉት ከተሞች ሙሽሮች በአበባ ያጌጠ ቮልስ ለመከራየት የማይሰስቱ መሆናቸውን ያየ የአዲስ ዓለም ነዋሪ፣ እንዲህ ያለውን መኪና ገዝቶ ለማከራየት ቢመኝ አይፈረድበትም። እርግጥ ነው፣ የብዙው ገዢ ልብ ለሁለት የተከፈለ ነው፤ አንዱ እኩሌታ የልጅነት ፍቅር፣ ሌላው እኩሌታ የትርፍ ዐሳብ ነው። ይህ ዐምድ ስለ ሁለተኛው ይናገራል፤ ለመጀመሪያው መድኃኒት አላገኘንለትም።

ነገሩን ከገበያው እንጀምር። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ ዐዋጅ መኪናን የለካው በሞተሩ ይዘት ነበር፤ ከ1,300 ሲ.ሲ. የማይበልጠውን 30 በመቶ፣ ከዚያ እስከ 1,800 ያለውን 60 በመቶ፣ ከ1,800 የሚያልፈውን 100 በመቶ አስከፈለው፤ ቪትዝንና አነስተኛውን ኮሮላ በየመንደሩ ያበዛው የሕዝቡ የጠባብ መኪና ፍቅር ሳይሆን ይህ መስመር ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው ቁጥር 1186 ዐዋጅ ደግሞ በሞተር ይዘት ላይ ዕድሜን ጨምሮ፣ ያረጀ መኪና ከውጭ በሚያስገባ ሰው ላይ የሚጣለውን ታክስ እስከ 500 በመቶ አደረሰው። በጥር 2016 የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ በኤሌክትሪክ የማይሠራ አውቶሞቢል ወደ ሀገር እንዳይገባ መወሰኑን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አስታወቁ፤ በዚያው ዓመት በሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪ ገበያው ሲለቀቅ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ።

እነዚህ አራት ነገሮች ተደምረው ያመጡት ውጤት አንድ ነው፤ በሀገር ውስጥ ያለው የነዳጅ መኪና እንደ ተዘጋ ጐተራ ሆነ፣ ከእርሱ ይወጣል እንጂ አይጨመርበትም። ስለዚህም በሌላው ዓለም በየዓመቱ ዋጋው የሚወርደው ንብረት በእኛ ዘንድ በየዓመቱ ይወጣል፤ ደላላውም ይህን እያነሣ «መኪና ገንዘብ ነው» ይላል። ነገር ግን ከአምስት ዓመት በፊት የገዛውን ቮልስ በእጥፍ ዋጋ የሸጠ ሰው፣ በዚያ ገንዘብ ሌላ ቮልስ መግዛት ካልቻለ፣ እጥፍ የሆነው የብሩ ቍጥር እንጂ ሀብቱ አይደለም። የዋጋው መውጣት ለባለቤቱ በወረቀት የሚቈጠር ደስታ ሲሆን፣ በዚያው የምንዛሪ ሕግ የሚወደደው የመለዋወጫ ዋጋ ግን በየወሩ ከኪሱ በጥሬው ይወጣል። የሞተር ምርጫ ከባድ ነገር የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው፤ አካሉን የምንገዛው አንድ ጊዜ ነው፣ ሞተሩን ግን እስከ ሸጥነው ቀን ድረስ እየደጋገምን እንገዛዋለን።

ቮልስ በሀገራችን ታሪክ ያለው ስፍራ ልዩ ነው፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወርደው ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በዚሁ መኪና መሆኑን የማያውቅ ጥቂት ነው። ከፋብሪካው ጣራው ተገልጦ የሚወጣው ዓይነት በጀርመን በኦስናብሩክ ከተማ በካርማን ፋብሪካ ከ1949 እስከ 1980 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ተሠርቷል፤ ቍጥሩም ከ330 ሺህ ይበልጣል። በእኛ ገበያ ግን «ኦርጅናል ክፍት» እየተባለ የሚቀርበው መኪና ብዙ ጊዜ መደበኛው ቮልስ ሆኖ ጣራው በአንድ ጋራዥ በመጋዝ የተቈረጠ ነው። ልዩነቱ የመልክ ብቻ አይደለም፤ በመደበኛው ቮልስ የአካሉን ጽናት ከሚሸከሙት አንዱ ጣራው ስለ ሆነ፣ ካርማን ጣራውን ባነሣበት ፈንታ የበሩን ሥር በብረት አጠንክሮ ነበር፤ የመንደሩ ቈራጭ ግን ይህን ስለማያደርግ መኪናው ከጊዜ በኋላ ወገቡ ይሰበራል። ምርመራው ቀላል ነው፤ ከአውሮፓ 1965 ሞዴል ወዲህ የተሠራ ከሆነ የሻንሲው ቍጥር የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች 15 ከሆኑ ከፋብሪካው ክፍት ሆኖ የወጣ ነው፣ 11 ከሆኑ ግን ጣራው የነበረው ነው። ቍጥሩ ከተፋቀ ደግሞ ሁለቱን በሮች ከፍተው ሁለት ወፍራም ሰዎች ያስቀምጡበትና በሮቹ መልሰው ይገጥሙ እንደ ሆነ ይመልከቱ።

ወደ ሞተሩ ስንመለስ፣ ቮልስ በየዘመኑ የያዛቸው ዋና ዋና ሞተሮች አራት ናቸው፤ 1,192 ሲ.ሲ. ሆኖ 34 የፈረስ ጕልበት ያለው፣ 1,285 ሆኖ 40 ያለው፣ 1,493 ሆኖ 44 ያለው፣ 1,584 ሆኖ 50 ያለው። ሁሉም በአየር የሚቀዘቅዙ ስለ ሆኑ ራዲያተር የላቸውም፤ ውኃ አይፈላባቸውም፤ በአራት ብሎን ስለ ተያዙም ሞተሩን ማውረድ ለሠለጠነ መካኒክ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ሻጭ ሁሉ 1,600 የሚባለውን ያወድሳል፤ ገዢውም ጕልበት መግዛት መልካም ነገር ይመስለዋል። እዚህ ላይ ግን መልክዐ ምድራችን የራሱን ቀረጥ ይጥላል። አዲስ ዓለም ከባሕር ወለል በላይ 2,360 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለ ተቀመጠች፣ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር በሩብ ያህል ይሣሣል፤ ተርቦ የሌለው ሞተርም እንደሚስበው አየር መጠን ጕልበቱን ያጣል። እንግዲህ በመጽሐፉ 50 ተብሎ የተጻፈው በዚህች ከተማ 38 ያህል፣ 40 የተባለው 30 ያህል ይሆናል ማለት ነው። ስምንት ፈረስ የሙሽራ መኪናን በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ለማስኬድ ምን ይጠቅማል? ሰርገኛው ከኋላ ጡሩንባ እየነፋ ይከተላል እንጂ አይሽቀዳደምም።

በዚህ ላይ ካርቡራተሩ ለቆላ አየር የተስተካከለ ከሆነ በደጋ ቤንዚኑ ከአየሩ ይበዛና ካንዴላው ይጠቍራል፣ ጭሱ ይከፋል፣ ከሁሉም በላይ ያልተቃጠለው ቤንዚን የሲሊንደሩን ዘይት አጥቦ ሞተሩን ያለ ዕድሜው ያስረጀዋል። ይህን ማስተካከል በጥቂት ብር የሚሠራ ነገር ሲሆን፣ ባለቤቶች ግን ትልቅ ሞተር በመግዛት ሊያርሙት ሲደክሙ እናያለን። በአሮጌዎቹ ሞተሮች ላይ ደግሞ የዘይት ማቀዝቀዣው ወደ ሦስተኛው ሲሊንደር የሚሄደውን ንፋስ ስለሚከልል፣ ከአራቱ ቶሎ የሚቃጠለው ይህ ነው፤ የሲሊንደሮቹን ግፊት በመለኪያ ሳያስለካ የሚገዛ ሰው ይህን በኋላ በራሱ ገንዘብ ይማረዋል። ሞተሩ ሁለት ሊትር ተኩል ዘይት ብቻ የሚይዝና የዘይት ፊልትሮ የሌለው ስለ ሆነ፣ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ዘይት መቀየርና ቫልቭ ማስተካከል ግዴታ እንጂ ምክር አይደለም።

ሁለተኛው ዕጩ የሸራ ጣራ ያለው አሮጌ ላንድሮቨር ነው። እርሱም 2,286 ሲ.ሲ. የሆነ ሞተር በቤንዚንም በናፍታም ይዞ ይመጣል፤ የቤንዚኑ የተሻለ ጕልበት ሲኖረው የናፍታው ይዘገያል፣ ይጮኻል፣ ግን በሊትር ብዙ ይሄዳል። ከአዲስ ዓለም አምቦ ደርሶ መመለስ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው እንበል፤ በመልካም ይዞታ ያለ ቮልስ ለዚህ 11 ሊትር ያህል ሲበቃው፣ የቤንዚን ላንድሮቨር 20 ሊትር ያህል ይጠጣል። በ2017 ዓ.ም. የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ ከ100 ብር በላይ ስለ ወጣ፣ ልዩነቱ በአንድ ጕዞ ከ900 ብር በላይ ይሆናል፤ ይህንም ከኪራዩ ላይ የሚቀንሰው ባለቤቱ ነው። ናፍታው በዚህ ይሻላል፤ ነገር ግን ያረጀ የናፍታ ፖምፓ ማሠራት አንድ የቮልስ ሞተር ሙሉ ለሙሉ ከማሠራት የማይተናነስ ወጪ የሚያመጣ በመሆኑ፣ በነዳጅ የተቈጠበው በአንድ ቀን ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ላንድሮቨር የሚገባው ከአስፋልቱ ወርዶ በጭቃ ወደ ገጠር ቀበሌ ለሚሄድ፣ ቅዳሜ ሙሽራ ሰኞ እህል ለሚጭን ሰው ነው እላለሁ።

የኤሌክትሪክ ሞተር መግጠምስ? የሚል አንባቢ አይጠፋም። ራሱ የቮልስዋገን ኩባንያ በአውሮፓ 2019 ዓ.ም. ከአንድ የጀርመን ድርጅት ጋር ሆኖ 36.8 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ የተገጠመለት፣ አንድ ጊዜ ተሞልቶ 200 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሄድ ክፍት ቮልስ አሳይቷል። ዐሳቡ የሚያስደስት ነው፤ ዋጋው ግን አንድ አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ከሚገዛበት ጋር የሚቀራረብ በመሆኑ ለአሁኑ የባለጸጋ ጨዋታ ነው።

የገቢውን ወገን ብንመለከት ደግሞ የመኪናው የሥራ ቀን በባለቤቱ ትጋት ሳይሆን በባሕረ ሐሳብ የሚወሰን መሆኑን እናገኛለን። በዐቢይ ጾም ሰርግ የለም፤ በክረምት ዝናቡ ክፍት መኪና አያስወጣም፤ በጾመ ነቢያትም ገበያው ይቀዘቅዛል። የሚቀረው ጥርና ከዐቢይ ጾም በፊት ያሉት ጥቂት ሳምንታት፣ ሚያዝያና ግንቦት ናቸው። በዓመት በጥቂት ቅዳሜና እሑድ ብቻ የሚሠራ ካፒታል በእነዚያ ቀናት በመለዋወጫ እጥረት ከቆመ ዓመቱን ሙሉ ቆመ ማለት ስለ ሆነ፣ ሞተር በሚመረጥበት ጊዜ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ፈረስ አለው?» ሳይሆን «ዐርብ ማታ ቢሰበር መለዋወጫው በሶማሌ ተራ ይገኛልን? በአዲስ ዓለም ወይም በሆለታ የሚያውቀው መካኒክ አለን?» የሚለው ሊሆን ይገባል። ለዚህ ጥያቄ ላንድሮቨር በከፊል፣ ቮልስ በሙሉ አፍ ይመልሳል፤ ከቮልሶችም ብዙ የኖረበትና መለዋወጫው በቀላሉ የሚገኝለት እንጂ በሁለት ካርቡራተር የተዋበው አይደለም።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው፤ ለአዲስ ዓለም ሰው የሚስማማው ሞተሩ ያልተነካ ባለ 1,300 ቮልስ ነው፣ በጀቱ ከተረፈም ትርፉ በትልቅ ሞተር ሳይሆን በሻንሲው ጥገና ላይ ይዋል። ባለ 1,600 የሚወሰደው ከፋብሪካው ከነሞተሩ አብሮ የመጣ ከሆነ ብቻ ነው፤ ከሌላ መኪና ወጥቶ የተገጠመ ሞተር ቍጥሩ በሊብሬው ካልተጻፈ ለባለቤቱ ሁለተኛ ዕዳ ነው፤ ቦሎ ሲያወጣም ስም ሲያዛውርም ይከለክለዋል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ስለ ተሰወረ ጕድለት ኀላፊ እንዲሆን ቢደነግግም፣ ገዢው ዕቃውን ሳይዘገይ መርምሮ ያገኘውን ጕድለት ወዲያው ማስታወቅ እንዳለበትም አብሮ ይናገራል፤ «እንዳለ ገዝቻለሁ» ብሎ የፈረመ ሰው ክርክሩ ይከብደዋል። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት ሊብሬውን በእጅዎ ይዘው የሞተሩንና የሻንሲውን ቍጥር በመብራት ያመሳክሩ፤ ሻጩ ለዚህ ጊዜ የለኝም ካለዎት ሌላ ቮልስ ይፈልጉ።