ከእንሰት ጓሮ እስከ ከተማ ቤት፡- የጌዴኦ ግቢ ስለ አካባቢ እንክብካቤ የሚያስተምረው

ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ የሚዘልቀውን አውራ ጎዳና ይዞ 360 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ መንገደኛ የጌዴኦ ዞን ዋና ከተማ የሆነችውን ዲላን ያገኛል። ከዲላ አልፎ በወናጎ በኩል ወደ ይርጋ ጨፌ ሲያመራ ደግሞ ግራና ቀኙ ጥቅጥቅ ያለ ደን ይመስለዋል። ማለዳ ላይ ከዛፎቹ መካከል የሚወጣውን የማድ ቤት ጭስ ሲመለከት ግን ደን ነው ያለው ስፍራ የሰው መኖሪያ፣ ጓሮና ማሳ መሆኑን ይረዳል።

የዓለም ቅርስ ኮሚቴ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት የመዘገበው በሳውዲ ዓረቢያ ሪያድ ባካሄደው ጉባኤ መስከረም 6 ቀን 2016 ዓ.ም ነው። ቅርሱ ጥንታዊ ትክል ድንጋዮችንና በባህላዊ ሥርዓት የተጠበቁ ደኖችን ያካትታል። ዋና መሠረቱ ግን እንሰት፣ ቡናና ዛፍ በአንድነት የሚበቅሉበት የአንድ ቤተሰብ ግቢ ነው። ስለሆነም ለአካባቢ የሚስማማ የቤተሰብ ኑሮ ምን እንደሚመስል ለማወቅ የሚሻ ሰው ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም።

በዚህ ግቢ እንደ ዋንዛ፣ ብርብራና ኮርች ያሉ ዛፎች ከላይ ጥላ ይሰጣሉ። ከእነርሱ ሥር እንሰት፣ ከእንሰቱ አጠገብ ቡና፣ ዝቅ ብሎም ጎመንና ሌሎች አትክልቶች ይበቅላሉ። ብርብራና ኮርች ከአየር ውስጥ ናይትሮጅን ወስደው ለአፈሩ የሚያካፍሉ ዕፅዋት ሲሆኑ፣ የሚረግፈው ቅጠላቸው በስብሶ ማዳበሪያ ይሆናል። ተዳፋት በሚበዛበት በዚህ አካባቢ የዛፎቹ ሥርና የቅጠሉ ንጣፍ አፈሩ በጎርፍ እንዳይታጠብ ይከላከላል።

ለቤት አያያዝ ትልቁን ትምህርት የሚሰጠው እንሰት ነው። ተክሉ ለምግብ ለመድረስ እንደየቦታው ከፍታ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስድበታል። ከእርሱ ቆጮ፣ ቡላና አሚቾ ይገኛል፤ ቃጫው ገመድ ይሆናል፤ ቅጠሉ ዳቦ ይጋገርበታል፣ ዕቃ ይጠቀለልበታል፣ ይነጠፍበታል። ከዚህ ሁሉ የተረፈው ለከብት ይሰጣል ወይም ወደ መሬት ይመለሳል። የከብቱ ፍግ፣ የምድጃው አመድና የማድ ቤቱ ጥራጊም ተመልሶ የሚደፋው በእንሰቱ ሥር ነው። በመሆኑም በጌዴኦ ግቢ ከቤት የሚወጣው ነገር ሁሉ መሄጃ አለው፤ ቆሻሻ ተብሎ የሚጣለው እጅግ ጥቂት ነው።

ቤተሰቡ ከገጠር ወደ ዲላ ከተማ ሲገባ ይህ ዑደት የሚቋረጠው በቤቱ ደጃፍ ላይ ነው። በገጠር ለእንሰቱ ምግብ የነበረው የሙዝ፣ የአቮካዶና የድንች ልጣጭ በከተማ በፌስታል ታስሮ ከበር ውጭ ይቀመጣል። ሰውየው አልተለወጠም፤ ልጣጩም ያው ነው። የተለወጠው የሚመለስበት አፈር መጥፋቱ ነው። ከአገራችን ከተሞች ቤቶች ከሚወጣው ደረቅ ቆሻሻ አብዛኛው በስባሽ በመሆኑ ጉዳዩ ቀላል አይደለም። በስባሽ ነገር አየር በማያገኝበት ሁኔታ ተከምሮ ሲበሰብስ ሚቴን የተባለ ጋዝ ያመነጫል። ይህ ጋዝ በ100 ዓመት ስሌት ሙቀት አምቆ በመያዝ ረገድ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ያህል ይበልጣል።

መፍትሔው ከገጠሩ ግቢ የሚወሰድ ነው። ትንሽም ብትሆን ግቢ ያለው የመንግሥት ሠራተኛ አንድ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ቦታ ለብስባሽ ማዘጋጀት ይችላል። ከታች ደረቅ ቅጠልና ጭራሮ፣ ከላዩ የአትክልት ልጣጭና የቡና አተላ፣ ከዚያም ስስ አፈርና ጥቂት አመድ እየተደራረበ ይቀመጣል። ደረቁ ከእርጥቡ በዛ ማለት አለበት፤ እርጥቡ ሲበዛ ይሸታልና። ክምሩ ተጨምቆ እንደወጣ ጨርቅ እርጥበት ይዞ በየሁለትና ሦስት ሳምንቱ ከተገላበጠ በሦስትና አራት ወራት ውስጥ ጥቁር፣ የአፈር ጠረን ያለው ማዳበሪያ ይሆናል። ሥጋ፣ ዘይት፣ ፕላስቲክና ባትሪ ፈጽሞ አይገቡበትም። ግቢ የሌለው ተከራይም ጎኑ በተበሳ ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ይህንኑ መሥራትና በዚያው ከረጢት ጎመን ወይም ሰላጣ ማብቀል ይችላል።

ሁለተኛው ጉዳይ ማገዶ ነው። በገጠሩ ግቢ ቤተሰቡ የጥላ ዛፉን ቅርንጫፍ እየመለመለ ሲያነድ ግንዱ እንደቆመ ይኖራል። በከተማ የሚነደው ከሰል ግን በአብዛኛው ግንዱን የቆረጠ ነው። በባህላዊ መንገድ አንድ ኪሎ ግራም ከሰል ለማውጣት ከአምስት ኪሎ ግራም የማያንስ እንጨት ይቃጠላል። ጉዳቱ በዛፍ ብቻ አያበቃም። የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ ከሚነድ ማገዶ በሚወጣ ጭስና ብክለት ሳቢያ እ.ኤ.አ በ2020 በዓለም ላይ 3 ነጥብ 2 ሚሊዮን ሰዎች ለህልፈት እንደተዳረጉ ገምቷል። በምድጃው ዙሪያ ረጅም ሰዓት የሚቆዩት እናቶችና ሕጻናት በመሆናቸው ጉዳቱ በይበልጥ የሚያርፈው በእነርሱ ላይ ነው።

ከሲሚንቶ የሚሠራው ምርጥ የእንጀራ ምድጃ በሦስት ጉልቻ ላይ ከመጋገር ጋር ሲነጻጸር እስከ ግማሽ የሚደርስ እንጨት ያድናል። ላቀች የተባለው የከሰል ምድጃም ከተለመደው የቆርቆሮ ምድጃ ያነሰ ከሰል ይፈጃል። የኤሌክትሪክ ኃይል በአስተማማኝ ሁኔታ ባለበት ቤት ምጣዱን በኤሌክትሪክ ማድረግ የበለጠ ይመረጣል፤ የአገራችን ኃይል በአብዛኛው ከውሃ የሚመነጭ ነውና። ወጪ የማይጠይቁ ልማዶችም አሉ። ባቄላና ሽምብራን ከዋዜማው መዘፍዘፍ፣ ድስት መክደን፣ ለቡና በተቀጣጠለው ከሰል ወጡን ማሞቅ ማገዶ ይቆጥባሉ። ከሰል ባልጠፋበት ምድጃ በተዘጋ ክፍል መተኛት ግን ለሞት የሚያደርስ በመሆኑ ሊታሰብ አይገባም።

ሦስተኛው ፌስታል ነው። የእንሰት ቅጠል የያዘውን ይዞ ሥራውን ሲጨርስ ይበሰብሳል። ፌስታል ግን በቦይ ውስጥ ይከማቻል፤ ጎርፍ ሲመጣም ወደ ወንዝ ይገባል። የዲላ አካባቢ ወንዞች የአባያ ሐይቅ ተፋሰስ አካል በመሆናቸው በዲላ ቦይ የተጣለ ፌስታል የሐይቁ ዳርቻ ነዋሪ ጉዳይ ጭምር ይሆናል። በግቢ ውስጥ ማቃጠልም መፍትሔ አይደለም፤ መርዛማ ጭስ ያወጣልና። ወደ ገበያ ሲወጡ ዘንቢል መያዝ ከሁሉ ይቀላል።

በዚህ ረገድ ሕጉ ዝም አላለም። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖርን መብት ሲያረጋግጥ፣ በአንቀጽ 92 ደግሞ አካባቢን የመንከባከብ ግዴታን በመንግሥትም በዜጎችም ላይ ጥሏል። በ1999 ዓ.ም የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 መልሶ ጥቅም ላይ የሚውል ቆሻሻ በየቤቱ እንዲለይ ደንግጎ ነበር። በ2017 ዓ.ም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው አዲስ አዋጅ ደግሞ ፌስታልን የሚከለክል ነው።

ይሁንና አዋጅ ብቻውን ዑደቱን አይዘጋውም። አንዲት እናት በቤቷ በስባሹንና ፕላስቲኩን ለይታ ካወጣች በኋላ ሁለቱም በአንድ ጋሪ ላይ ሲደባለቁ ከተመለከተች በሚቀጥለው ሳምንት መለየቷን ትተዋለች። ጥፋቱም የእርሷ አይሆንም። ስለዚህ ቤተሰቡ የድርሻውን ግማሽ ሲወጣ ቀሪው ግማሽ የማዘጋጃ ቤት፣ የቀበሌና የግብርና ጽሕፈት ቤቶች ነው። ተለይቶ የወጣው ተለይቶ ሊሰበሰብ፣ የተዘጋጀው ብስባሽም አፈሩ ለሳሳበት የከተማው ዙሪያ አርሶ አደር ሊደርስ ይገባል። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም የሻይ ቤታቸውን ጥራጊ በየግቢያቸው ወደ ማዳበሪያነት በመለወጥ አርአያ መሆን ይችላሉ።

የገጠሩ ግቢም ቢሆን ስጋት የለበትም ማለት አይደለም። የሕዝቡ ቁጥር ሲጨምር የአንድ ቤተሰብ ማሳ እየጠበበ፣ ወጣቱም ወደ ከተማ እየፈለሰ ነው። ዶክተር ታደሰ ኪጴ እ.ኤ.አ በ2002 በኔዘርላንድስ ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ስለ ጌዴኦ የመሬት አጠቃቀም ያቀረቡት የዶክትሬት ጥናት ርዕስ ስለ አምስት ሺህ ዓመት ዘላቂነት የሚያነሳ ሲሆን፣ የተቋጨውም በጥያቄ ምልክት ነው። ጥያቄው ዛሬም መልስ ይፈልጋል። ዕውቀቱ ከወጣቱ ጋር ወደ ከተማ ካልገባ ቅርሱ በመዝገብ ላይ ብቻ ሊቀር ይችላል።

"ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" እንዲሉ፣ ለአንድ ማዘጋጃ ቤት የሚከብደው ሥራ ለሺህ ቤተሰቦች የዕለት ልማድ ይሆናል። ለዚህ መነሻ የሚሆነው ዛሬ ማታ ከማድ ቤት የሚወጣውን ልጣጭ ከፌስታሉ መለየት ነው። ነገ ጠዋት ደግሞ ያንን ልጣጭ የሚቀበል ሥርዓት ማዘጋጀት ኃላፊነቱ የተሰጠው አካል ሥራ ይሆናል።