አባት በልጆች መጽሐፍ ውስጥ

ባለፉት 30 ዓመታት በአሜሪካ አንድ ዓይነት መጽሐፍ እየበረከተ መጥቷል። ጥቁር አባት ልጁን ሲያቅፍ፣ ሲያለብስ፣ ሲያጫውት የሚያሳይ የልጆች ሥዕላዊ መጽሐፍ ነው። ስለ አባቶች የተጻፉ ግጥሞችን በሥዕል ያቀረበው የጃቫካ ስቴፕቶ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1997 ታተመ። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የማቲው ቼሪ «ሄር ላቭ» ደግሞ እናት ቤት በሌለችበት ቀን የሴት ልጁን ጸጉር ለመሥራት የሚታገልን አባት ይተርካል፤ በዚሁ ታሪክ የተሠራው አጭር የአኒሜሽን ፊልም በቀጣዩ ዓመት ኦስካር አግኝቷል። እነዚህ መጻሕፍት ከምን ችግር ተነሡ? እንዴትስ ይሠራሉ? በደቡብ ወሎ፣ ወግዲ ላይ ለሚያድግ ልጅስ ምን ትርጉም አላቸው?

መነሻው ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1662 በቨርጂኒያ የወጣ ሕግ ልጅ ባሪያ ወይም ነፃ የሚሆነው በእናቱ ሁኔታ እንዲሆን ደነገገ። በባርነት ከተያዘች እናት የተወለደ ልጅ የእናቱ ጌታ ንብረት ሆነ። አባቱ በሕግ ፊት ስፍራ አልነበረውም፤ ልጁ ሲሸጥም የመከልከል መብት አልነበረውም። ባርነት እ.ኤ.አ. በ1865 በሕገ መንግሥት ቢሻርም፣ ጥቁር አባት ከቤቱ የራቀ ሰው ነው የሚለው አስተሳሰብ አልጠፋም።

ከመቶ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1965፣ ጉዳዩን በሁለት በኩል የሚያሳዩ ጽሑፎች ወጡ። አንደኛው የአሜሪካ የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ባለሥልጣን የነበረው የዳንኤል ሞይኒሃን ሪፖርት ነው። ሪፖርቱ ለጥቁሮች ድህነት አንዱ ምክንያት የቤተሰብ መዳከምና የአባት አለመኖር ነው አለ፤ ይህም አባባል በሕዝብ ዘንድ ሥር ሰደደ። ሁለተኛው የናንሲ ላሪክ ጽሑፍ ነው። ላሪክ በሦስት ዓመት ውስጥ የታተሙ 5,206 የልጆች መጻሕፍትን መርምራ፣ ጥቁር ሰው የሚታይባቸው 349 ብቻ፣ ማለትም ከመቶ 7 የማይሞሉ መሆናቸውን አገኘች። ስለዚህ ጥቁር ልጅ በጋዜጣ ስለ አባቱ ጉድለት ይሰማል፤ በመጽሐፍ ግን አባቱን እምብዛም አያይም።

መጽሐፍ ይህን እንዴት ሊለውጥ እንደሚችል ያስረዱት የሥነ ጽሑፍ መምህርት ሩዲን ሲምስ ቢሾፕ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት አጭር ጽሑፍ መጽሐፍ ለልጅ መስታወትም መስኮትም ነው አሉ። በመስታወቱ ራሱንና ቤቱን ያያል፤ በመስኮቱ የሌላውን ኑሮ ያያል። ራሱን በመጽሐፍ አይቶ የማያውቅ ልጅ የእርሱ ሕይወት ሊጻፍ የማይገባው ነገር ይመስለዋል። በዚህ ላይ የሥዕላዊ መጽሐፍ አነባበብ የራሱ ጠባይ አለው። ሁለት ሰዎች አብረው የሚያነቡት ነው፤ አዋቂው ቃሉን ያነባል፣ ልጁ ሥዕሉን ይከተላል። አባት ስለ አባት የተጻፈውን ለልጁ ሲያነብ፣ መጽሐፉ የሚያወራለት መቀራረብ በዚያው ሰዓት በንባቡ ይፈጸማል።

ማስረጃውም ከሞይኒሃን ሪፖርት ይልቅ ለመጻሕፍቱ ቀረብ ይላል። የአሜሪካ የጤና ስታትስቲክስ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ጥናት፣ ከ5 ዓመት በታች ከሆኑ ልጆቻቸው ጋር ከሚኖሩ አባቶች መካከል ልጃቸውን በየቀኑ የሚያጥቡ ወይም የሚያለብሱ ጥቁሮች 70 ከመቶ፣ ነጮች 60 ከመቶ ነበሩ። ከልጆቹ ተለይተው የሚኖሩ አባቶች ቁጥር በጥቁሮች ዘንድ ከፍ ያለ መሆኑ እውነት ነው። ከልጁ ጋር የሚኖረው ጥቁር አባት ግን ለልጁ በሚያደርገው እንክብካቤ ከማንም አያንስም።

ወደ ወግዲ ስንመለስ እንዲህ ያሉ መጻሕፍት የሚያስፈልጉበት ምክንያት ይለያል። ከመካነ ሰላም ወዲህ ያለው የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ወደ ዓባይ ሸለቆ እስኪያቆለቁል ድረስ፣ አባት ከሕግም ከጽሑፍም ተሰርዞ አያውቅም። ልጅ ከስሙ ቀጥሎ የአባቱን ስም ይይዛል። እስከ 1967 ዓ.ም. በሰሜኑ ደጋ ሰፊ ክፍል መሬት የሚገኘው በርስት ነበር። ርስት ማለት መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው ሰው በአባት ወይም በእናት በኩል መወለድን በማስረዳት የሚገኝ የመሬት ድርሻ ነው። በመሬት ሙግት ጊዜ የዘር ሐረግን የሚቆጥሩ ሽማግሌዎች ቃል ማስረጃ ይሆን ነበር። ልጅ የሚወርሰውን ለማወቅ የአባቱን አባቶች ማወቅ ነበረበት።

የሃይማኖት ትምህርቱም አባትን ከፍ አድርጎ ያስቀምጣል። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት የገፋ ልጅ የሰሎሞንን ምሳሌና የሲራክን መጽሐፍ ያውቃል፤ ሁለቱም አባት ልጁን በሚመክርበት ቃል ተጽፈዋል። ቁርኣን የቀራ ልጅም በ31ኛው ሱራ ሉቅማን ለልጁ የሰጠውን ምክር ያውቃል። ክርስቲያንና ሙስሊም ጎን ለጎን በሚኖሩበት በወሎ ሁለቱም ልጆች የሚያውቁት የመጽሐፍ አባት መካሪ ነው።

ከአካባቢው የወጣ ምሳሌም አለ። በደቡብ ወሎ ቦረና የሚገኘው የጋስጫ ገዳም ሊቅ፣ «መጽሐፈ ምስጢር»ን የጻፉት አባ ጊዮርጊስ፣ አባታቸው ሕዝበ ጽዮን የታወቀ ካህን ነበሩ። ገድላቸው እንደሚተርከው፣ አባት ልጃቸውን እንዲማር ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ላኩት። ትምህርቱ አልገባው ብሎ መምህሩ ቢመልሱት፣ አባት ልጁን ለእግዚአብሔር ሰጥቻለሁ ብለው ወደ ገዳሙ መልሰው ሰደዱት። ተስፋ የሌለው የመሰለው ተማሪ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከታላላቆቹ የኢትዮጵያ ደራሲያን አንዱ ሆነ። የአባትየው ፍቅር በጽናት ታይቷል፤ ልጅን አርቆ በመስጠት እንጂ አቅፎ በማቆየት አልተገለጸም። በዘመናዊው ሥነ ጽሑፍም መርሐቤቴ የተወለዱት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1910 ዓ.ም. «ለልጅ ምክር ለአባት መታሰቢያ»ን አሳተሙ። የመጽሐፉ ርእስ የአባትን ድርሻ ምክር፣ የልጅን ድርሻ ማስታወስ አድርጎ ያስቀምጣል።

ይህ የአባትና የልጅ ርቀት ከፍቅር ማነስ የመጣ አይደለም። የገበሬ ቤተሰብ አንድ የሥራ ቡድን ነው፤ አባት አዛዡ ነው፣ ልጅ በዕድሜው ልክ የሥራ ድርሻ አለው። መሬቱም ከአባት የሚጠበቅ ስለሆነ መታዘዝ የመኖር ዋስትና ነበር። ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው የአማራ ባህል ጥናት፣ ልጅ በአባቱ ፊት ዝም ብሎ መቆምንና መታዘዝን ቀድሞ እንደሚማር አሳይቷል።

ነገር ግን ማሳው ላይ የሚታየው ከዚህ ይሰፋል። በእርሻ ወቅት ልጁ ከቤት ምሳ ይዞ ይመጣል። አባት በሬዎቹን ይፈታል፤ ድንበሩ ላይ ተቀምጠው አብረው ይበላሉ፤ የመጀመሪያውን ጉርሻ አባት ለልጁ ያጎርሳል። በሬዎቹ እንደገና ሲጠመዱ ልጁ እርፉን ይይዛል፤ የአባት እጅ ከላይ ሆኖ ይጫናል። ልጁ በሬዎቹን በስማቸው መጥራት፣ ሞፈሩን ከቀንበሩ ማሰር፣ ድንጋይ ሲመጣ ማረሻውን ቀና ማድረግ የሚማረው እንዲህ ነው። ማታ ምድጃ ዳር እንቆቅልሽ ይጠየቃል፤ የረታው ልጅ «አገር ስጠኝ» ይላል፣ አባትም ይሰጣል። ምክሩ በየመጽሐፉ አለ፤ ይህ ምሳ፣ ይህ የእጅ ጭነት፣ ይህ የማታ ሳቅ ግን በልጆች መጽሐፍ እምብዛም አይገኝም።

ባለፉት 50 ዓመታት ደግሞ የአባት ሥልጣን የቆመበት መሠረት ተለውጧል። በ1967 ዓ.ም. አዋጅ መሬት የሕዝብ ሆነ፤ ርስት ቀረ። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል መሬት እንደገና ሲደለደል የብዙ ገበሬ ድርሻ ከነበረው ጠበበ፤ ከዚያ ወዲህ ለደረሰ ልጅ አባት የሚያካፍለው ማሳ ትንሽ ነው። ወጣቱ ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ዓረብ አገር ይሄዳል፤ አባትና ልጅ የሚገናኙት በስልክ ነው። በትምህርትም በኩል ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ብዙ ገበሬ ፊደል ያስቆጠረው የልጁ እኩያ የሆነ ወጣት ነበር። ዛሬም ማንበብ በማይችል አባት ቤት ደብዳቤውን የሚያነበው ተማሪው ልጅ ነው። መሬትና ዕውቀት ከአባት እጅ ሲወጡ ልጁን ከአባቱ ጋር የሚያቆየው ዋናው ነገር መቀራረቡ ይሆናል።

የአገራችን የልጆች ንባብ ይህን ለመሙላት ጀምሯል፤ ግን ከከተማ ብዙም አልራቀም። ተስፋዬ ሣህሉ ከ1957 ዓ.ም. ጀምረው «አባባ ተስፋዬ» ተብለው ለከተማ ልጆች በቴሌቪዥን ተረት ሲነግሩ የሕዝብ አባት ሆነው ነበር። ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ያቋቋሙት «ኢትዮጵያ ሪድስ» የተባለ ድርጅት በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈተ፤ ቆየት ብሎም በሐዋሳ አካባቢ መጻሕፍትን በአህያ ጋሪ አዞረ። መጻሕፍትን ከከተማ አርቆ ማድረስ እንደሚቻል ይህ ያሳያል።

ማስረጃው ወደ አንድ ፍርድ ይመራል። የአሜሪካውያኑ መጻሕፍት የተሰረዘን አባት መለሱ። የወግዲ ልጅ የሚያስፈልገው የአሜሪካውን ታሪክ ተርጉሞ መስጠት አይደለም፤ የራሱ አባት መካሪ ብቻ ሆኖ በመጻፉ የተሸፈነው እንክብካቤ እንዲታይለት ነው። ለዚህ የሥዕል መጽሐፍ ይመቻል፦ ማንበብ የማይችል አባት ከሥዕሉ ይተርካል፣ ልጁ ጽሑፉን ያነብለታል፣ ሁለቱም አንባቢ ይሆናሉ። ሥራው ከባድ ወጪ አይጠይቅም። በመካነ ሰላም የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስ አለ፤ በየቀበሌው መምህር አለ፤ በየቤቱ ተረትና እንቆቅልሽ የሚያውቅ አባት አለ። መምህራን የእነዚህን አባቶች የሥራና የጨዋታ ውሎ ጽፋችሁ፣ የአካባቢውን ሠዓሊ ጨምራችሁ፣ በአማርኛ አሳትሙት፤ ልጁ መጀመሪያ የሚያነበው ስለ አባቱ ይሁን።