አኩሪ አተርን በቤት ውስጥ ወደ ቶፉ መለወጥና በቅመም መለወስ

ቶፉ ከአኩሪ አተር ወተት የሚሠራ አይብ ነው። በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ዙሪያ ያላችሁ ሞዴል አርሶ አደሮች ብዙዎቻችሁ ላም ስለምታልቡ አይብ ምን እንደሆነ መንገር አያሻም። አሬራ ለዘብ ባለ እሳት ሲሞቅ አይቡ ከአጓቱ እንደሚለይ ሁሉ፣ የአኩሪ አተር ወተትም ሞቅ እያለ ሎሚ ሲነካው ይረጋል።

ጉዳዩ ከእናንተ ጓዳ ጋር የሚገናኘው በጾም ወቅት ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት የወተት ገበያ ይቀዘቅዛል፤ የታለበው ወደ ቅቤና ወደ አይብ ይዞራል። ቤቱ በወተት ተሞልቶ ሳለ ጾመኛው ግን በሽሮና በጎመን ይሰነብታል። ሽሮ ጥሩ ምግብ ነው፣ እንዳትተዉት። ሆኖም ደረቅ ሽምብራ ከመቶ 20 ያህሉ ፕሮቲን ሲሆን፣ አኩሪ አተር ከመቶ ከ36 እስከ 40 ይደርሳል።

በየሥልጠናው የሚነሳው ጥያቄ «ታዲያ እዚሁ እንዝራው?» የሚል ነው። አኩሪ አተር ሞቅ ያለ አካባቢ ይወዳል፤ በብዛት የሚመረተው በወለጋ፣ በጅማና በፓዌ አካባቢ ነው። የእኛ ደጋ ይቀዘቅዝበታል። የስንዴ ወይም የባቄላ ማሳችሁን ለዚህ አትልቀቁ፤ እህሉን ከገበያ ግዙ። ስትገዙ ያልተቆላ፣ ያልነቀዘና ሙሉ ፍሬ ይሁን፤ የተቆላ አኩሪ አተር ወተቱ በደንብ አይረጋም። ለዘር ተብሎ በመድኃኒት የታሸ እህል ደግሞ ታጥቦም ቢሆን አይበላም።

ወተቱን ማውጣት

1 ኪሎ አኩሪ አተር ለቅማችሁ እጠቡና በ3 ሊትር ውኃ ማታ ዘፍዝፉ። 12 ሰዓት ይበቃዋል፤ በሱሉልታ ብርድ ግን እስከ 15 ሰዓት ሊፈልግ ይችላል። መድረሱን ለማወቅ አንዷን ፍሬ ለሁለት ክፈሉ። ውስጧ ለጥ ያለ ከሆነ ደርሷል፤ መሃሏ ከጎደጎደ ገና ነው። የተዘፈዘፈበትን ውኃ ድፉት። ከዚያ 7 ሊትር ንጹሕ ውኃ ቀስ በቀስ እየጨመራችሁ በብሌንደር ወይም በድንጋይ ወፍጮ በደንብ አልሙትና በንጹሕ አቡጀዲ አጥልላችሁ ጨምቁ። ጨርቁም ሆነ ድስቱ ቅቤና ወተት የነካው ከሆነ አስቀድማችሁ በፈላ ውኃና በሳሙና እጠቡት። ይህን የምንለው ለጾሙ ብቻ አይደለም፤ የቆየ ቅባት ቶፉውን ቶሎ ያሸትተዋል።

ማፍላት፦ ደጋ ላይ የሚያሳስተው ቦታ

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ጥሬ አኩሪ አተር ውስጥ ሆድ ፕሮቲንን እንዳይፈጭ የሚያግድ ንጥረ ነገር አለ። ይህ የሚጠፋው በሙቀት ብቻ ነው። በደንብ ያልፈላ የአኩሪ አተር ወተት የጠጣ ሰው ሆዱ ይነፋል፣ ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋል። አንዴ እንዲህ የሆነበት ቤተሰብ ደግሞ ዳግመኛ አኩሪ አተር አያስገባም።

ሁለት ነገር ያታልላል። አንደኛው አረፋው ነው። ወተቱ ገና ሳይፈላ አረፋ ገንፍሎ እስከ ድስቱ አፍ ይወጣል፤ ያየ ሰው ፈላ ብሎ ያወርደዋል። ይህ መፍላት አይደለም። እሳቱን ቀንሱ፣ በማማሰያ አማስሉት፤ አረፋው ሰክኖ ወተቱ ከሥሩ ሲንተከተክ ያኔ ሰዓት መቁጠር ጀምሩ። ድስቱም እስከ ግማሹ ብቻ ይሞላ።

ሁለተኛው ከፍታችን ነው። ውኃ በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ ይፈላል። አካባቢያችን ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ በመሆኑ፣ እኛ ዘንድ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ባቄላ እዚህ ለመብሰል ቆላ ካለው ይልቅ የሚዘገየውም በዚህ ነው። ስለዚህ በሌላ አገር 10 ደቂቃ የሚባለውን እኛ 25 ደቂቃ እናድርገው። ሥሩ እንዳያርር ማማሰሉን አታቋርጡ፤ ያረረ ወተት ሽታው በቅመም አይሸፈንም።

ማርጋትና መጫን

ወተቱን አውርዳችሁ 5 ደቂቃ ያህል አብርዱት። ግማሽ ብርጭቆ የሎሚ ጭማቂ ወይም አቼቶ በአንድ ብርጭቆ ውኃ በጥብጡና ሦስት ጊዜ ከፍላችሁ ጨምሩ፤ በየመሃሉ ሁለት ጊዜ ብቻ ቀስ አድርጋችሁ አማስሉና ተዉት። ብዙ ካማሰላችሁት ይበታተናል። አጓቱ ጠርቶ ቢጫ ሲሆን ረግቷል፤ አሁንም ነጭ ከሆነ ትንሽ ሎሚ ጨምሩ። በአቡጀዲ በተሸፈነ ወንፊት ላይ ገልብጡት፤ ጨርቁን አጥፋችሁ 2 ኪሎ የሚሆን ንጹሕ ድንጋይ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ጫኑበት። እንደ አጨማመቃችሁ አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ ቶፉ ይወጣል።

ማቀዝቀዣ ከሌለ በዕለቱ ይበላ። ማቀዝቀዣ ካለ ንጹሕ ውኃ ውስጥ ነክራችሁ ውኃውን በየቀኑ እየለወጣችሁ 3 ቀን ማቆየት ትችላላችሁ። ካሟለጨ ወይም ከኮመጠጠ አይታደግም፤ ይጣል።

በቅመም መለወስ

ቶፉ ብቻውን ጣዕም የለውም፤ ብዙ ሰው ቀምሶ የሚተወውም በዚህ ነው። ጥፋቱ የቶፉው ሳይሆን ሳይለወስ የቀረበበት ነው። ውስጡ ውኃ ስለሞላበት ቅመም አይገባውም፤ ስለዚህ በጣት ውፍረት ቆርጣችሁ በንጹሕ ጨርቅ መሃል ጫን ጫን እያደረጋችሁ አድርቁት። ከዚያ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ አዋዜ፣ የአንድ ሎሚ ጭማቂና ጨው በሩብ ብርጭቆ ውኃ በጥብጣችሁ አልብሱት። ይህ ለግማሽ ኪሎ ይበቃል። ዘይት እዚህ ላይ አትጨምሩ፤ ዘይቱ ቶፉውን ሸፍኖ ጨውና ሎሚው እንዳይገቡ ያግዳል። ሁለት ሰዓት ይቆይ፤ ማቀዝቀዣ ካለ ቢያድር ይሻላል።

ስትጠብሱ አዋዜውን ከላዩ ጠርጋችሁ አስቀምጡት፤ በርበሬው በጋለ ዘይት ወዲያው አርሮ ይመራል። ቶፉው ሁለቱም ጎኑ ከቀላ በኋላ ሽንኩርት፣ ቃሪያና የጥብስ ቅጠል ጨምሩ፣ መጨረሻ ላይ ያስቀመጣችሁትን አዋዜ መልሱበት። ከጾም ጥብስ ሁሉ እኛ የምንመርጠው ይህን ነው። መጥበስ ለማትፈልጉ ደግሞ ፈርፍራችሁ በሚጥሚጣ፣ በኮረሪማና በጨው ለውሱትና እንደ አይብ ከጎመን ጋር አቅርቡት።

የአኩሪ አተር ወተቱ ሎሚ ሳይገባበት ለትልልቆች ይጠጣል። ከ1 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ግን የእናት ጡት ምትክ አይደለም።

አተላው

ጨርቁ ላይ የሚቀረው አተላ ጥሬ ነው። ለዶሮም ሆነ ለጥጃ ከመስጠታችሁ በፊት ለብቻው 30 ደቂቃ ቀቅሉት። ላሞቻችሁን በዩሪያ የታከመ ጭድ የምታበሉ ከሆነ በተለይ ተጠንቀቁ፤ ጥሬ አኩሪ አተር ዩሪያን በፍጥነት ወደ አሞኒያ ስለሚለውጥ ላሟን ሊመርዛት ይችላል። የተቀቀለውንም በዕለቱ አብሉ፤ ካደረ ይሻግታል።