ቆፋሪው ሌላ፣ ነዋሪው ሌላ

አበው “ጉድጓድ ስትምስ አታርቀው፤ የሚገባበት አይታወቅምና” ይላሉ፡፡ ተረቱ የተነገረው በወንድሙ ላይ ተንኮል ለሚሸርብ ሰው ነው፡፡ በዱር አራዊት ዓለም ግን ቃል በቃል እውነት ሆኖ እናገኘዋለን፡፡ አንዱ ይምሳል፣ ሌላው ይገባበታል፣ ሦስተኛው ደግሞ ባልዋለበት ይከሰሳል፡፡

ለስብሰባ ወይም ለሥልጠና ወደ አርባ ምንጭ ብቅ ያለ የአዲስ አበባ ባለሙያ ብዙውን ጊዜ ዓይኑ የሚያርፈው በሁለቱ ሐይቆች ላይ ነው፡፡ አባያን በስተግራ፣ ጫሞን በስተቀኝ፣ በመካከላቸው “የእግዜር ድልድይ” የተባለውን ቀጭን መሬት አይቶ፣ ፎቶ አንስቶ፣ ከቻለም በጀልባ ወደ አዞ ገበያ ደርሶ ይመለሳል፡፡ ከእግሩ ሥር ያለውን መሬት የሚያይ ጥቂት ነው፡፡ ለጋሞ ገበሬ፣ ለጉጂና ለኮሬ እረኛ፣ ለፓርክ ጠባቂ ግን በመሬት ላይ ያለች እያንዳንዷ ቀዳዳ መልእክት አላት፡፡ መልእክቷን አሳስቶ ማንበብ ደግሞ ሰብል፣ ጤና፣ አንዳንዴም ሕይወት ያስከፍላል፡፡

ነገሩን በሕግ ቋንቋ ልጀምረው፡፡ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ይዞታንና ባለቤትነትን ለይቶ ያስቀምጣል፡፡ በአንቀጽ 1140 መሠረት ይዞታ ማለት አንድን ነገር በተጨባጭ በእጅ አድርጎ ማዘዝ ሲሆን፣ በአንቀጽ 1204 መሠረት ደግሞ ባለቤትነት በአንድ ግዙፍ ነገር ላይ ሊኖር ከሚችለው መብት ሁሉ የሰፋው ነው፡፡ ሕጉ ተንቀሳቃሽ ንብረት በእጁ የተገኘ ሰው ባለቤት እንደሆነ ይገምታል፡፡ ጉድጓድ ግን የማይንቀሳቀስ ነው፤ ካርታም የለውም፡፡ ስለዚህ አንድን የአውሬ ጉድጓድ ስናይ ሁለት ጥያቄዎችን ለየብቻ መጠየቅ አለብን፡፡ ማን ቆፈረው? አሁንስ ማን ይኖርበታል? የመጀመሪያውን የሚመልስልን የጉድጓዱ ቅርጽ ነው፡፡ ሁለተኛውን የሚመልስልን ደጃፉ ነው፡፡

በስሙ የተከሰሰው ቆፋሪ

በአፍሪካ የሣር ምድር የቆፋሪዎች አለቃ አዋልዲጌሳ ነው፡፡ ስሙ የመጣው ከኦሮምኛ ሲሆን “አዋላ” ቀብርን፣ “ዲጌሳ” ደግሞ አፍራሽን ያመለክታል፤ በአጭሩ “መቃብር አፍራሽ” ማለት ነው፡፡ ስሙ ራሱ የክስ ቻርጅ ነው ማለት ይቻላል፡፡ እውነቱን ለመናገር ይህ እንስሳ ሬሳ አይነካም፡፡ ምግቡ ምስጥና ጉንዳን ነው፡፡ ረጅም ምላሱ፣ እንደ ማረሻ የጠነከሩ ጥፍሮቹና እንደ አሳማ የሾለ አፍንጫው የተሠሩት ለዚሁ ሥራ ነው፡፡ በሌሊት ብቻ ስለሚንቀሳቀስ ከዱር አጠገብ ተወልዶ ያደገ ሰው እንኳ በዓይኑ ሳያየው ሊያረጅ ይችላል፡፡ ቆፍሮ የተወው ጉድጓድ ውስጥ ጅብ ሲገባና ሲወጣ የታየ እንደሆነ ግን ስሙ የሚነሳው የእሱ ነው፡፡

የአዋልዲጌሳን ሥራ መለየት አይከብድም፡፡ አፉ ሰፊ ነው፤ አንድ ጎልማሳ ሰው ተጎንብሶ ትከሻውን ሊያስገባበት ይችላል፡፡ የተቆፈረው አፈር ከደጃፉ ፊት ለፊት በአንድ በኩል ተከምሮ ይገኛል፡፡ በጉድጓዱ ግድግዳ ላይ ወፋፍራም የጥፍር ጭረቶች ይታያሉ፡፡ በአቅራቢያው ደግሞ ለመኖሪያ ሳይሆን ምስጥ ፍለጋ የተቆፈሩ አጫጭር ጉድጓዶችና የተደረመሱ ኩይሳዎች አይጠፉም፡፡ እንስሳው ውስጥ ካለ ብዙ ጊዜ ከኋላው በአፈር ደፍኖ ትንሽ መተንፈሻ ብቻ ይተዋል፡፡ ወለል ብሎ የተከፈተ ትልቅ ጉድጓድ ካያችሁ ቆፋሪው ሄዶ ተከራይ የገባበት ሊሆን ይችላል፡፡

ተከራዮቹ

ከተከራዮቹ ቀዳሚው ከርከሮ ነው፡፡ ከርከሮ የቀን እንስሳ ነው፤ ሌሊት የሚያድርበትን ጉድጓድ ከባዶ ከመቆፈር ይልቅ የአዋልዲጌሳን ትቶ የሄደውን ማስተካከል ይመርጣል፡፡ ሲገባ ግልገሎቹ ይቀድማሉ፣ ትልቁ በስተኋላው ይገባና ክራንቻውን ወደ ደጅ አዙሮ ይተኛል፡፡ በደጁ ባለሁለት ጣት ኮቴ፣ በጉልበቱ ተንበርክኮ የጋጠው ሣርና በአፍንጫው የገለበጠው አፈር ይታያል፡፡ ጠዋት ሲወጣ ተወርውሮ ነውና ከጉድጓድ ፊት ለፊት መቆም አደገኛ ነው፡፡ ልምድ ያለው ሰው ከጎን ወይም ከበላይ ሆኖ ነው የሚያየው፡፡

የጅብ መኖሪያ ብዙ በሮች አሉት፡፡ ዥጉርጉሩ ጅብ ግልገሎቹን የሚያሳድግበት ጉድጓድ ውስጡ እየጠበበ ይሄዳል፤ እናቲቱ እንኳ እስከ ጥልቁ አትዘልቅም፣ ከደጅ ሆና ትጠራቸዋለች፡፡ አፈሩ በግልገሎች ጨዋታ ተረግጦ የተደላደለ ነው፡፡ ዋናው ማስረጃ ግን ነጭ ዓይነ ምድር ነው፤ ጅብ አጥንት ሰባብሮ ስለሚበላ ዓይነ ምድሩ ሲደርቅ እንደ ጠመኔ ይነጣል፡፡ የቀበሮ በር ከዚህ ሁሉ ያነሰ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ አሮጌ ጉድጓድ ወይም የተቦረቦረ ኩይሳ ነው፡፡ በረጃጅም ኩይሳዎች አናት ላይ የሚታየው ክፍት ቀዳዳ ግን የማንም በር አይደለም፤ የምስጡ መኖሪያ አየር መተንፈሻ ነው፡፡

ጃርት በራሱም ይቆፍራል፣ በሰው ጉድጓድም ይገባል፡፡ የወደቀ እሾህ ከደጃፉ ከተገኘ ጉዳዩ አለቀ፡፡ እሾህ ባይገኝ እንኳ እንደ ቴምር ፍሬ ረዘም ያለ ዓይነ ምድርና በሁለት የፊት ጥርስ የተፋቀ ቅርፊት ወይም ሥር ይመሰክራል፡፡ ስኳር ድንች፣ ካሳቫ፣ በቆሎና እንሰት በሌሊት የሚያጠፋውም እሱ ነው፡፡

አጥንት ሁልጊዜ ገዳይን አያሳይም

አንድ የሚያሳስት ነገር አለ፡፡ ጃርት ሣርና ሥር በል ሆኖ ሳለ አጥንት ሰብስቦ ወደ ጉድጓዱ ያስገባል፡፡ የሚያደርገውም ያለማቋረጥ የሚያድጉትን ጥርሶቹን ለመሞረድና ማዕድን ለማግኘት ነው፡፡ የፍየሉን አጥንት በጃርት ደጃፍ ያገኘ ሰው “ገዳዩ እዚህ አለ” ቢል አይፈረድበትም፤ ነገር ግን ተሳስቷል፡፡ አጥንቱ በጥንድ ጥንድ የተፋቀ ሰፊ ጭረት ካለው የጃርት ነው፤ የተሰበረና በክራንቻ የተበሳ ከሆነ የሥጋ በል ነው፡፡

በዚህ ስህተት ታላላቅ ሊቃውንትም ወድቀውበታል፡፡ በደቡብ አፍሪካ ሬይመንድ ዳርት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በዋሻ ውስጥ የተገኙ የእንስሳት አጥንቶች የጥንት ሰው መሰሎች መሣሪያ ናቸው፣ ቅድመ አያቶቻችንም ደም የጠማቸው ገዳዮች ነበሩ ሲል ተከራከረ፡፡ በኋላ ቻርልስ ብሬን አጥንቶችን አንድ በአንድ መርምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ፣ እንዲህ ያለውን ክምችት የሚፈጥሩት እንደ ነብር፣ ጅብና ጃርት ያሉ እንስሳት መሆናቸውን አሳየ፡፡ ቅድመ አያቶቻችን አዳኞች ሳይሆኑ ታዳኞች ሆነው ተገኙ፡፡ በሕግ ትምህርት ቤት “የአካባቢ ማስረጃ ብቻውን አይበቃም” ሲባል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም፡፡

በሌላ በኩል ትንሽ ማስረጃ በጥንቃቄ ከተመረመረ ብዙ ይናገራል፡፡ በ1966 ዓ.ም. በተመሠረተውና 514 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ባለው የነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1990 ተመራማሪዎች የአንዲት የሌሊት ወፍ ያልሆነች፣ በሌሊት የምትበር እውነተኛ ወፍ ክንፍ መንገድ ላይ አገኙ፡፡ በዚያች አንዲት ክንፍ መነሻነት እ.ኤ.አ. በ1995 ለሳይንስ አዲስ የሆነ የወፍ ዝርያ ተመዘገበ፡፡

በደጋው፣ በእንሰቱ ሥር

ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻና ዶርዜ ሲወጣ ጉዳዩ ይለወጣል፡፡ የጋሞ ደጋ የእንሰት አገር ነው፡፡ እዚያ የሚፈራው ጉድጓድ በር የሌለው ነው፡፡ ፍልፈል ከመሬት በታች ኖሮ፣ አፈሩን ወደ ላይ እየገፋ በየቦታው ክምር ይሠራል፣ አፉንም ይደፍናል፡፡ የአይጥ ጉድጓድ ጠባብና ክፍት ነው፤ የፍልፈል ግን ትኩስ አፈር ክምር ብቻ ነው፡፡ ሥራውም ከታች የእንሰቱን ሥርና አምቾ መብላት ነው፡፡

እዚህ ላይ ልየታው ገንዘብ ነው፡፡ እንሰት በፍልፈል ሥሩ ሲበላ ይጠወልጋል፤ በባክቴሪያ በሚመጣው አጠውላጊ በሽታ ሲያዝም ይጠወልጋል፡፡ የቅጠሉ እጀታ ሲቆረጥ ቢጫማ ፈሳሽ ካወጣ በሽታው ነው፤ ተክሉ ተነቅሎ መወገድ፣ ቢላዋውም በእሳት መጽዳት አለበት፡፡ ፈሳሽ ከሌለና ከሥሩ የተቆረጠመ ከሆነ፣ በዙሪያውም የአፈር ክምር ካለ ተጠያቂው ፍልፈል ነው፡፡ በሽታውን ፍልፈል ነው ብሎ የተዘናጋ ገበሬ ዓመታት የለፋበትን ማሳ ሊያጣ ይችላል፡፡

ያልቆፈረው ሽኮኮና የኦቾሎ ልጆች

ከአርባ ምንጭ በስተሰሜን፣ አባያን ከላይ ቁልቁል በምታየው በኦቾሎ ጉዳዩ ከሰብል ያልፋል፡፡ ኦቾሎ የተቆረቆረችው በገደልና በዋሻ መካከል ነው፡፡ በድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ የሚኖረው ሽኮኮ ነው፡፡ ሽኮኮ ቆፋሪ አይደለም፤ እግሩ ለመቆፈር አልተፈጠረም፡፡ መኖሪያውን የሚያጋልጠው በአንድ ቦታ የሚከማቸው ዓይነ ምድሩና ሽንቱ በድንጋዩ ላይ የሚተወው ነጭና ቡናማ ዥረት ነው፡፡

ሽኮኮ የዋህ እንስሳ ነው፤ ነገር ግን የቁንጭር በሽታን የሚያመጣው ጥገኛ ተሕዋስ በሰውነቱ ይኖራል፡፡ የአሸዋ ዝንብ የተባለችው እጅግ ትንሽ ነፍሳት በሌሊት ሽኮኮውን ትነድፍና ሰውን ስትነድፍ ተሕዋሱን ታስተላልፋለች፡፡ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ በወሎ ኩታበርና በኦቾሎ ባደረጉት ጥናት ይህን ሰንሰለት አረጋግጠዋል፡፡ ቁንጭር በብዛት የሚይዘው ልጆችን ሲሆን፣ ፊት ላይ የሚተወው ጠባሳ ዕድሜ ልክ ይኖራል፡፡ ነጭ ዥረት የሚታይበት ስንጥቅ ከመኝታ ቤት አጠገብ ካለ ወላጅ ማወቅ ያለበት ይህን ነው፡፡ ምሽት ላይ ልጆችን ከዋሻው ማራቅ፣ የቤቱን ግድግዳ ስንጥቅ መምረግ፣ አጎበር መጠቀምና የማይድን እብጠት ሲታይ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይገባል፡፡ ወደ ስንጥቁ እሳት መልቀቅ ግን ሽኮኮውን ወደ ሌላ ስንጥቅ ከማዛወር ያለፈ ፋይዳ አይኖረውም፡፡

በሐይቁ ዳርቻም ማስተዋል ያሻል፡፡ በጫሞ አሸዋ ላይ የተደላደለና የተሸፈነ ጉድጓድ የአዞ እንቁላል የተቀበረበት ሊሆን ይችላል፡፡ እናቲቱ እስኪፈለፈል ድረስ ወደ ሦስት ወር ገደማ ከአካባቢው ብዙ አትርቅም፡፡ ጉድጓዱ ተቆፍሮ የእንቁላል ቅርፊት በዙሪያው ከተበተነ አርጃኖ ቀድሞ ደርሷል ማለት ነው፡፡

ከመፍረድ በፊት

ጉድጓዱ ሰው ያለበት መሆኑን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም፡፡ በአፉ ላይ የሸረሪት ድር ከተዘረጋ፣ ደረቅ ቅጠልም ከተከማቸ ባዶ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው፡፡ ትኩስ አፈር፣ አዲስ ዱካ፣ ጠረንና በደጃፉ የሚያንዣብብ ዝንብ ካለ ነዋሪ አለ፡፡ ያም ሆነ ይህ እጅ ማስገባት አይገባም፤ ከቆፋሪውና ከተከራዩ ሌላ ዘንዶና እባብም አሉና፡፡

ጥርጣሬ ሲኖር ጭስ፣ መርዝና ዶማ ማንሳት ግን የተለመደ ነው፡፡ መርዝ ለይቶ አይገድልም፡፡ ጃርትን ለመግደል የተደረገ መርዝ ምስጥ በሉን አዋልዲጌሳ ይገድላል፡፡ አዋልዲጌሳ ሲጠፋ ደግሞ ምስጡ ይበረክታል፤ ከርከሮውም ሆነ ቀበሮው የሚገባበት ቤት የሚሠራለት ያጣል፡፡ የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል፡፡ ይሁን እንጂ አንድ ገበሬ ሰብሉ በሌሊት እየጠፋ “አዋጁን አክብር” ማለት ብቻውን መፍትሔ አይሆንም፡፡ ጥፋተኛውን ለይቶ የሚያሳየው ሰው ያስፈልገዋል፡፡

ይህን ማድረግ ብዙ ወጪ አይጠይቅም፡፡ የቀበሌው የግብርና ባለሙያ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋና የፓርኩ ስካውት የሚጋሩት፣ የጉድጓድ ቅርጽ፣ ዱካና ዓይነ ምድር በሥዕል የሚያሳይ በጋሞኛና በአማርኛ የተዘጋጀ አንድ ወረቀት ይበቃል፡፡ አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ እዚያው አለ፤ ዕውቀቱም በእረኞቹና በገበሬዎቹ ዘንድ አለ፡፡ የጎደለው ሁለቱን ማገናኘት ነው፡፡ እስከዚያው ድረስ ግን ዶማውን ከማንሳቱ በፊት ጎንበስ ብሎ ደጃፉን የሚያይ ሰው፣ ሰብሉንም የልጁንም ጤና ከሌላው በተሻለ ይጠብቃል፡፡