ለዜማ ምት ጨዋታ የሚሆን የቁልፍ ሰሌዳ ስለ መምረጥ
ለወላጆችና ለልጆች የቀረበ ምክር

ጨዋታ ለልጅ ዕረፍት ብቻ አይደለም፤ እጁን ከዓይኑ፥ ጆሮውንም ከሁለቱ ጋራ የሚያስማማበት ልምምድ ነው። ልጆቻችን ከገናና ከገበጣ፥ ከሰኞ ማክሰኞም ሌላ በኮምፒዩተር የሚጫወቱት ጨዋታ ከበዛ ወዲህ ግን፥ አባትና እናት በልጅነታቸው ያላወቁት የዕቃ ጥያቄ በየቤቱ ተነሥቷል። ከነዚህም ጥያቄዎች አንዱ፥ ብዙ ሰው ኪቦርድ የሚለው የቁልፍ ሰሌዳ ነገር ነው። ልጁ በጨዋታው ሲሸነፍ፤ «አባባ፥ ቁልፉን ተጭኜዋለሁ፤ እርሱ ግን አልቈጠረልኝም፤ ሌላ ይገዛልኝ» ይላል። አባትም ይህ የሽንፈት ማመካኛ ነው ብሎ ይቈጣዋል። በዚህ ዓይነት ልጁ ሰሌዳውን ሲከስ፥ አባት ልጁን ሲከስ፥ ሁለቱም ነገሩን ሳይመረምሩ ይፈርዳሉ። እኛ የምንለው ግን እንዲህ ነው፤ የልጁ ቃል እውነት ሊሆን ይችላል፤ እውነት መሆኑና አለመሆኑም በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ያለ ምንም ወጪ ሊፈተን ይችላል። ስለዚህ ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ምርመራው ይቅደም።

አስቀድመን ጨዋታው ምን እንደ ሆነ እናስረዳ። የዜማ ምት ጨዋታ፥ ተጫዋቾቹ ሪትም ጌም የሚሉት፥ ዘፈን እየተሰማ በመስኮቱ ላይ የሚወርዱትን ወይም የሚታዩትን ምልክቶች ከዘፈኑ ምት ጋራ እኩል እየተጫኑ የሚጫወቱት ነው። በጃፓን አገር ኮናሚ የተባለው ኩባንያ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1997 ዓ.ም. ቢትማንያ የተባለውን ጨዋታ፥ 5 ቁልፍና አንድ የሸክላ ማዞሪያ ባለው ትልቅ መኪና ላይ አወጣ። ከዚያ በኋላ በ2007 ዓ.ም. ዲን ኸርበርት የተባለ አውስትራልያዊ ኦሱ የተባለውን ጨዋታ በኮምፒዩተር ለሚጫወቱ ሁሉ በነጻ አቀረበ። በኦሱ ዋናው ጨዋታ ተጫዋቹ በአንድ እጁ ቀስቱን እየመራ፥ በሌላው እጁ ሁለት ቁልፎችን፥ ይኸውም ዜድንና ኤክስን፥ በየተራ ይመታል። ማንያ በሚባለው ክፍሉ ደግሞ በሁለት እጅ 4 ወይም 7 ቁልፎች ይመታሉ፤ በ4ቱ ብዙዎች ዲን፥ ኤፍን፥ ጄንና ኬን ይይዛሉ።

ይህ ነገር ለአገራችን ሰው ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በማኅሌት የከበሮው ምት ከመቋሚያው መነሣትና መውረድ ጋራ ካልገጠመ፥ ድምፁ ያማረ ቢሆን እንኳ ሥርዓቱ ይፈርሳል። ልዩነቱ፥ በማኅሌት የሚሰማው መሪጌታው ሲሆን፥ በዚህ ጨዋታ ግን የሚሰማውም የሚቈጥረውም መኪና መሆኑ ነው። መኪናውም ጥብቅ ነው። በኦሱ መካከለኛ በሚባል ጥብቅነት፥ ሙሉ ነጥብ የሚሰጠው ከትክክለኛው ምት በፊት ወይም በኋላ ከ50 ሚሊ ሰከንድ ላልራቀ ምት ነው፤ እጅግ ጥብቅ በሆነው ደግሞ 20 ሚሊ ሰከንድ ነው። ሚሊ ሰከንድ ማለት አንድ ሰከንድ ከሺህ ተከፍሎ አንዱ እጅ ነው። እንግዲህ በደቂቃ 180 ምት ያለው ዘፈን፥ በየምቱ 4 ጊዜ ተጫን ቢል፥ በደቂቃ 720 ጊዜ፥ በሰከንድም 12 ጊዜ መጫን ይሆናል። በአንዱና በሚቀጥለው መካከል ያለው ጊዜ 83 ሚሊ ሰከንድ ብቻ ነው። ለደብዳቤ መጻፊያ ያለ ነቀፋ የሚያገለግል ሰሌዳ በዚህ ጊዜ ሊደናገር የሚችለው ስለዚህ ነው።

የቁልፍ ሰሌዳ እንደ ችሎት ጸሐፊ ነው። የጸሐፊ ዋና ምግባሩ የተነገረውን ሁሉ መጻፍ፥ ያልተነገረውን አለመጨመር፥ የተነገረውንም በጊዜው ማስፈር ነው። ብዕሩ የወርቅ ቢሆን፥ ጠረጴዛው ቢያበራ፥ ቃል የሚያስቀር ጸሐፊ ለፍርድ አይጠቅምም። ሰሌዳም እንደዚሁ በሦስት ነገር ይመዘናል።

1ኛ፤ ብዙ ቁልፍ በአንድነት ሲጫን ሁሉን መቀበሉ። በሰሌዳው ሆድ ውስጥ ለእያንዳንዱ ቁልፍ የተለየ መስመር የለም፤ መስመሮቹ እንደ መረብ በአግድምና በቁም ተዘርግተው፥ ቁልፎቹ በየመገናኛው ላይ ይቀመጣሉ። በዚህ መረብ ላይ የአንድ አራት ማዕዘን ሦስቱ ጫፎች በአንድ ጊዜ የተጫኑ እንደ ሆነ፥ ኤሌክትሪኩ በሦስቱ ዞሮ ስለሚያልፍ አራተኛው ቁልፍ ሳይጫን የተጫነ ይመስላል። ይህ የሐሰት ምስክር ነው። ርካሽ ሰሌዳዎች ይህን ለመከልከል ሲሉ ሦስተኛውን ቁልፍ ጨርሰው ይተዉታል፤ ልጁ «ተጭኜዋለሁ፥ አልቈጠረልኝም» የሚለውም እውነት የሚሆነው በዚህ ጊዜ ነው። በጥሩዎቹ ግን ከእያንዳንዱ ቁልፍ ጋራ ዳዮድ የምትባል፥ ኤሌክትሪክ በአንድ ወገን ብቻ እንዲያልፍ የምትፈቅድ ትንሽ ዕቃ ስለ ተተከለች፥ የሐሰት ምስክርም የሚቀር ቃልም የለም። በሣጥኑ ላይ «ኤን-ኪ ሮልኦቨር» የሚል ቃል ቢገኝ፥ የተጫነውን ሁሉ እቀበላለሁ ማለት ነው። እስከ 6 ቁልፍ እቀበላለሁ የሚለው ለ4 ቁልፍ ጨዋታ ይበቃል፤ በ7 ቁልፍ ለሚጫወት ግን ሁሉን የሚቀበለው ይሻላል።

ይህን በቤትም በሱቅም መፈተን ይቻላል። ኖትፓድ የሚባለውን ባዶ ገጽ ክፈቱ። ሁለቱን ሺፍት፥ የግራውንና የቀኙን፥ በአንድነት ይዛችሁ የእንግሊዝን ፊደል ከኤ እስከ ዜድ ጻፉ፤ ብዙ ፊደል የጐደለ እንደ ሆነ ሰሌዳው ቃል የሚያስቀር ነው። ቀጥሎም ልጁ የሚጫወትባቸውን ቁልፎች ሁሉ በአንድ ጊዜ እንዲጫን አድርጉና ሁሉም መጻፋቸውን ተመልከቱ። አንዳንድ ጊዜ የጨዋታውን ቁልፎች በመረቡ ላይ ወደማይጋጩ ሌሎች ፊደላት በመለወጥ ብቻ ችግሩ ይወገዳል፤ ያን ጊዜ አዲስ ዕቃ መግዛት አያስፈልግም።

2ኛ፤ የቁልፉ አሠራር። ርካሹ ሰሌዳ ከቁልፎቹ በታች የጎማ ጉልላት አለው፤ ቁልፉ እንዲጻፍ ጎማው ተጨፍልቆ ከታች መድረስ አለበት፤ ሲያረጅም ይደክማል። ሜካኒካል የሚባለው ግን ለእያንዳንዱ ቁልፍ የራሱ ሞላና የራሱ መገናኛ ስላለው እስከ ታች ሳይደርስ ይጽፋል። ቼሪ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ስዊቾች በቀለም ይለያሉ። ቀዩ ያለ ድምፅና ያለ እንቅፋት በቀጥታ ይወርዳል፤ 45 ግራም ያህል ክብደት ሲያርፍበት በ2 ሚሊ ሜትር ላይ ይጽፋል። ቡናማው 55 ግራም ያህል ሲጠይቅ በመንገዱ ላይ ትንሽ ጉብታ ለጣት ያሰማል። ሰማያዊው 60 ግራም ያህል ይጠይቃል፥ በ2.2 ሚሊ ሜትር ላይም ጠቅ የሚል ድምፅ ይሰጣል። በደቂቃ 720 ጊዜ ለሚጫን ጣት የ15 ግራም ልዩነት ቀላል አይደለም፤ 3 ደቂቃ ያለ ማቋረጥ ቢመታ 2,160 ጊዜ ያንሣታልና። ስለዚህ ለምት ጨዋታ እንደ ቀዩ ያለ ቀጥተኛና ቀላል ስዊች ይመረጣል። ሌሎች ፋብሪካዎች በዚሁ ቀለም ሌላ ክብደት ሊሸጡ ስለሚችሉ ግን ቀለሙን ብቻ አይታችሁ አትግዙ፤ ክብደቱንና ጥልቀቱን ጠይቁ።

ከነዚህ ሁሉ በላይ በዋጋ የሚወጣው የማግኔት ስዊች ያለው ነው። አሜሪካዊው ኤድዊን ሆል በ1879 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ባገኘው የተፈጥሮ ሕግ እየተመራ፥ በቁልፉ ውስጥ ያለው ማግኔት ወደ ታች ሲቀርብና ሲርቅ ሰሌዳው ርቀቱን ይለካል። በዚህም ምክንያት ቁልፉ የሚጽፍበትን ጥልቀት ባለቤቱ ራሱ ይወስናል። በተራው ሜካኒካል ቁልፉ እንደገና ለመጻፍ ወደ ተወሰነው ስፍራ መመለስ አለበት፤ ዉቲንግ የተባለው የኔዘርላንድ ኩባንያ በሰፊው ባስተዋወቀው ራፒድ ትሪገር በሚባለው አሠራር ግን፥ ጣት ገና ከፍ ማለት ሲጀምር ቁልፉ ተለቀቀ ተብሎ ይቈጠራል። ይህ በፈጣን ዘፈን በእርግጥ ይረዳል። ዳሩ ግን ረድኤቱ የሚታወቀው ምቱን አስቀድሞ ለያዘ እጅ ነው፤ ገና 4ቱን ቁልፎች ለሚያደናግር ጀማሪ፥ ይህን መግዛት ፊደል ሳይቈጥር ዳዊት እንደ መግዛት ነው።

3ኛ፤ ወሬውን በጊዜ ማድረሱ። ተራ ሰሌዳ የተጫነውን ለኮምፒዩተሩ በሰከንድ 125 ጊዜ ይነግራል፤ ይህም እስከ 8 ሚሊ ሰከንድ ሊያዘገይ ይችላል። ለጨዋታ የተሠራው በሰከንድ 1,000 ጊዜ ስለሚናገር መዘግየቱ ከ1 ሚሊ ሰከንድ አያልፍም። ከዚህ በላይ እንናገራለን የሚሉም አሉ፤ ነገር ግን ከ8 ወደ 1 መውረድ 7 ሚሊ ሰከንድ ሲያተርፍ፥ ከ1 በታች ያለው ሁሉ ተደምሮ አንድም አይሞላም። ለዚሁ ለጊዜው ጉዳይ በሽቦ የሚሠራው ዋጋውም ይቀላል፥ ባትሪም አይፈልግም።

በዚህ ስፍራ ብዙ ሰው የሚዘነጋውን እናስታውሳለን። ልጁ ያለ ሽቦ በብሉቱዝ ማዳመጫ የሚጫወት ከሆነ፥ ድምፁ ወደ ጆሮው የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ከ100 ሚሊ ሰከንድ በላይ ዘግይቶ ነው። የዘገየውን ዘፈን ተከትሎ የሚመታ ልጅ ደግሞ፥ ምቱ የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን፥ በጨዋታው ዘንድ ዘግይቷል። ከሰሌዳ ለውጥ የሚገኘው ጥቅም 7 ሚሊ ሰከንድ ሲሆን፥ ከማዳመጫ ለውጥ የሚገኘው ከ100 በላይ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ ባለ ሽቦ ማዳመጫ ይሞከር፤ ቀጥሎም በጨዋታው ማስተካከያ ውስጥ ኦፍሴት የሚባለው የድምፅና የምት ማስማሚያ ይስተካከል። ከዚህ በኋላ ልጁ ሁልጊዜ በአንድ ወገን፥ ይኸውም ሁልጊዜ ቀድሞ ወይም ሁልጊዜ ዘግይቶ የሚስት እንደ ሆነ፥ ማስማሚያው ገና ነው። አንዳንድ ቁልፎች አብረው ሲጫኑ ብቻ የሚጠፉ እንደ ሆነ፥ ጥፋቱ የሰሌዳው ነው። አንዴ ቀድሞ አንዴ ዘግይቶ የሚስት እንደ ሆነ ግን፥ ጥፋቱ የእጅ ነውና መድኃኒቱ ልምምድ ነው፤ ይህም በሱቅ አይሸጥም።

ምርመራው ተፈጽሞ መግዛት የግድ ቢሆን፥ ሰሌዳው የቤተ ሰቡ ሁሉ ዕቃ መሆኑ አይረሳ። ሰማያዊው ስዊች በሌሊት ሕፃን ይቀሰቅሳል። ሒሳብ የሚሠራ ሰው ያለበት ቤት በቀኝ በኩል የቍጥር ቁልፎች ያሉበትን ትልቁን ይምረጥ፤ የሌለበት ግን ትንሹን ቢወስድ ስፍራም ገንዘብም ይተርፈዋል። አማርኛ የሚጻፈው በኮምፒዩተሩ ውስጥ በሚጫን ፕሮግራም ስለ ሆነ፥ ከነዚህ ሰሌዳዎች በማንኛውም ይጻፋል። ስዊቹ ያለ ብየዳ ተነቅሎ የሚተከልበት ሰሌዳ ቢገኝ እጅግ መልካም ነው፤ በዚህ ጨዋታ ሁለት ወይም አራት ቁልፎች ከሌሎቹ ይልቅ ቀድመው ስለሚያረጁ፥ ከማይነኩት ጋራ ማለዋወጥ ይቻላልና። በልዩ ልዩ ቀለም የሚያበራው መብራት ግን ለምት አንዳች አይጨምርም፤ በእርሱ ምክንያት ዋጋ የተጨመረበትን ተዉት።

በመጨረሻ ስለ እጅ አንድ ቃል እንናገራለን። የተበላሸ ስዊች ይለወጣል፤ የተጐዳ ጅማት ግን በቀላሉ አይመለስም። የልጁ አንጓ ወደ ላይ ሳይታጠፍ ቀጥ ብሎ እንዲያርፍ፥ ቁልፉንም በኃይል እንዳይደበድብ፥ በየዘፈኑ መካከል እጁን እንዲያሳርፍ ምከሩት። ጣቱ የደነዘዘ ወይም ክንዱ ያመመው እንደ ሆነ ጨዋታው በዚያው ይቁም፤ ሕመሙ የማይለቀው ከሆነም ሐኪም ይየው።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፥ ልጃችሁ «አልቈጠረልኝም» ባለ ጊዜ አትቈጡት፤ ከጐኑ ተቀምጣችሁ ሁለቱን ሺፍት ያዙና አብራችሁ ፈትኑ። ልጆችም ሆይ፥ ፈተናው ሰሌዳውን ነጻ ያወጣው እንደ ሆነ ፍርዱን በደስታ ተቀብላችሁ ወደ ልምምዳችሁ ተመለሱ። እውነትን በምርመራ ማግኘት በአባትና በልጅ መካከል የለመደ እንደ ሆነ፥ ከመልካም ሰሌዳ የሚበልጥ ዕቃ ወደ ቤቱ ገብቷል።