ለእናትና ለአባቷ ጆሮ የሆነች ልጅ

ባልና ሚስት ሐኪም ፊት ተቀምጠዋል። አጠገባቸው የ17 ዓመት ልጃቸው አለች። ሁለቱም መስማት የተሳናቸው ናቸው። አባትየው ስለ አንድ የጓዳ ጉዳይ በእጁ ያስረዳል፤ ልጅቷ ፊቷ ቲማቲም መስሎ ለሐኪሙ ትተረጉማለች። ሐኪሙ ያዘዘውን ደግሞ፣ ልጅ ለወላጆቿ ልትነግረው የማይገባውን፣ መልሳ በምልክት ትነግራቸዋለች። ተመልካቹ ሆዱን ይዞ ይስቃል።

«ኮዳ» የተባለውን ፊልም ያየ ሰው ይህን ትዕይንት አይረሳውም። (ኮዳ ሲባል የወታደር ውኃ መያዣ ትዝ ያላችሁ ብቻችሁን አይደላችሁም። ቃሉ መስማት ከተሳናቸው ወላጆች ለተወለዱ ልጆች የወጣ የእንግሊዝኛ ምህጻረ ቃል ነው።) ይህ የሻን ሄደር ፊልም እ.ኤ.አ. በ2022 ለሦስት የኦስካር ሽልማቶች ታጭቶ፣ የዓመቱ ምርጥ ፊልም የሚለውን ጨምሮ ሦስቱንም ጠቅልሎ ወስዷል። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ታሪኩ የፈረንሳዮች መሆኑን ነው።

ሆሊውድ የሌላ አገር ፊልም ወስዶ በእንግሊዝኛ እንደገና ሲሠራ ሃያሲያን ቢላቸውን ስለው ነው የሚጠብቁት። ምክንያትም አላቸው። ሆላንዳዊው ጆርጅ ስላውዘር በ1988 የሠራውን አስፈሪ ፊልም ራሱ በ1993 አሜሪካ ሄዶ ደገመው፤ የመጀመሪያውን ፊልም ያስከበረው ጨካኝ መጨረሻ ግን ተቀይሮ በደስታ ተጠናቀቀ። ሃያሲያኑም አልማሩትም። ዳይሬክተሩ ያው አንድ ሰው ሆኖ እንኳ ማለት ነው።

የ«ኮዳ» ጉዳይ ለየት ይላል። ኤሪክ ላርቲጎ በ2014 ያቀረበው «የቤሊየ ቤተሰብ» በፈረንሳይ ሲኒማ ቤቶች ከ7 ሚሊዮን በላይ ተመልካች ያገኘ፣ ቤተሰብ ተሰብስቦ ያየው ኮሜዲ ነበር። ልጅቷን ሆና የተጫወተችው ዘፋኝ ሉዋንም የአገሪቱን ትልቅ የፊልም ሽልማት፣ ሴዛርን፣ በጀማሪ ተዋናይነት ወስዳለች። ቤተሰቡ ገበሬ ነው፤ አይብ ገበያ አውጥቶ ይሸጣል። ልጅቷ ጥሩ ድምፅ አላት፤ ፓሪስ ሄዳ መማር ትፈልጋለች። ከሄደች ግን ለቤተሰቡ ማን ይተረጉማል?

ሕዝቡ ሲወደው መስማት የተሳናቸው ተመልካቾች ተቆጡ። እናትና አባቱን የተጫወቱት ካሪን ቪያርና ፍራንሷ ዳሚያን የሚሰሙ ተዋንያን ናቸው። ለፊልሙ ብለው ያጠኑት የምልክት ቋንቋ ቋንቋው ለሆነው ሰው ኮልታፋ ሆነበት። ነገሩን በእኛ ቤት አምጥታችሁ እዩት፦ አማርኛ የማይችል ተዋናይ መስመሩን ሸምድዶ የአማራ ገበሬ ሆኖ ቢቀርብ፣ ሌላው ዓለም ቢያጨበጭብለት፣ እኛ ምን እንላለን?

ሄደር የቀየረችው ዋናው ነገር ይህን ነው። እርሻው በማሳቹሴትስ ግዛት፣ ግሎስተር ከተማ፣ የዓሣ ጀልባ ሆነ፤ ይህ ቀላሉ ነው። እናቱን፣ አባቱንና ወንድሙን ግን መስማት የተሳናቸው ተዋንያን፣ ማርሊ ማትሊን፣ ትሮይ ኮትሰርና ዳንኤል ዱራንት እንዲጫወቱ አደረገች። ማትሊን በ1987 ኦስካር በመውሰድ መስማት ከተሳናቸው ተዋንያን የመጀመሪያዋ ናት፤ አባትየውን የሚሰማ ተዋናይ እንዲሠራው ከተፈለገ ፊልሙን ጥላ እንደምትወጣ ተናግራ ነበር። በውጤቱ ባልና ሚስቱ ሲጣሉም ሲላፉም በእጃቸው ያወራሉ እንጂ ምልክት አያሳዩም። ኮትሰር በምልክት ሲሳደብ ትርጉሙን ለማንበብ እንኳ ጊዜ አይሰጥም፤ ከፊቱ ይነበባል።

በጥር 2021 በሰንዳንስ ፌስቲቫል አራት ሽልማት አገኘ፤ አፕል በ25 ሚሊዮን ዶላር ገዛው፤ ለፌስቲቫሉ ያኔ ክብረ ወሰን ነበር። ታሪኩ ገና ሲጀመር መጨረሻው ይታወቃል ብለው ያጣጣሉት ሃያሲያንም አልጠፉም፤ ለእኔም እውነት አላቸው። ድምፀ መልካም ልጅ፣ ቁጡ የሙዚቃ መምህር፣ በመጨረሻ የፈተና መድረክ፣ ሁሉም የታወቀ መንገድ ነው። ልጅቷ በትምህርት ቤቱ መድረክ ስትዘፍን ድምፁ ድንገት ጠፍቶ ተመልካቹ እንደ ወላጆቿ በዝምታ የሚቀመጥበት ክፍል አዲስ የመሰላቸው ብዙ ናቸው። እሱም ከፈረንሳዩ የተወሰደ ነው።

ከሁሉ የከበደው ትችት ግን አሁንም ከራሳቸው መስማት ከተሳናቸው ሰዎች የመጣው ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ1990 ጀምሮ ሐኪም ቤት እንዲህ ላለው ታካሚ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ የሚጥል ሕግ አለ። ታዲያ ያቺ ልጅ ሐኪሙ ዘንድ ምን ታደርጋለች? ፊልሙ ወላጆቹን ያለ ልጃቸው አንድ እርምጃ የማይራመዱ አስመሰላቸው፤ ጥፋቱም የሐኪም ቤቱ ሳይሆን የእነሱ መስሎ ታየ ነው የሚሉት።

እኔም መጀመሪያ ከሳቁት ነበርኩ። ከዚያ ዋሽንግተን አካባቢ የምትኖር እህቴ ትዝ አለችኝ። እዚያ በገባች በሁለተኛው ዓመት ሐኪም ጋ የምትወስደው አስተርጓሚ የ11 ዓመት ልጇን ነበር። ልጁ ሐኪሟ ስለ እናቱ ሕመም የተናገረችውን ግማሹን ዋጥ አድርጎ «ደህና ነሽ አለች» ብሎ ነገራት። እህቴ እውነቱን ያወቀችው ከስድስት ወር በኋላ ነው። ልጁን ስትጠይቀው «እንዳትፈሪ ብዬ ነው» አላት። የውጭ አገር ኑሮ ያላቸው ቤተሰቦች ይህን ታሪክ በየቤታቸው ያውቁታል፤ «ኮዳ» እነሱን ያስለቀሳቸውም በዘፈኑ አይመስለኝም።

በኦስካሩ ምሽት ኮትሰር በረዳት ተዋናይነት ሲያሸንፍ አዳራሹ አላጨበጨበም፤ እጁን ወደ ላይ አንሥቶ አወዛወዘለት፤ መስማት የተሳናቸው ሰዎች ጭብጨባ ይህ ነው። ሽልማቱን የሰጠችው ኮሪያዊት ተዋናይት ዩን ዩ ጁንግ በሁለቱም እጆቹ እንዲናገር ሐውልቱን ተቀብላ ይዛለት ቆመች። ኮትሰር ያኔ ያወራው ስለ አባቱ ነው። መስማት ከተሳናቸው ልጆች አብዛኞቹ የሚወለዱት ከሚሰሙ ወላጆች ነው፤ የምልክት ቋንቋ ሳይማሩ ልጃቸውን የሚያሳድጉም ብዙ ናቸው። የኮትሰር አባት ግን ከቤተሰቡ ሁሉ በምልክት ቋንቋ የሚበልጠው ሰው ነበር። በመኪና አደጋ ከአንገቱ በታች ሽባ ሆነ፤ ከዚያ በኋላ በእጆቹ ከልጁ ጋር መነጋገር አልቻለም።