ጄሶንፓዝ፦ በተደራረበ ዳታ ውስጥ መንገድ ማሳያ

የስልክ መተግበሪያ የአየር ሁኔታ ወይም የበረራ ሰዓት ሲጠይቅ ከሰርቨሩ የሚመለስለት ብዙ ጊዜ ጄሶን በሚባለው አጻጻፍ የተሰናዳ ጽሑፍ ነው። ሰው ሊያነበው ይችላል፤ አስቸጋሪው ነገር መደራረቡ ነው። ኦብጀክት ውስጥ ዝርዝር፣ ዝርዝሩ ውስጥ ሌላ ኦብጀክት እያለ ይወርዳል። የሚፈለገው አንድ ቁጥር ስድስት ሰባት እርከን ስር ተቀብሮ ሊገኝ ይችላል። ፕሮግራመሩ እሱን ለማውጣት ሉፕ በሉፕ ላይ ይጽፋል፤ በየእርከኑም «ይሄ አለ ወይ?» እያለ ይፈትሻል። አንዱን ፍተሻ ከዘለለና በመካከል ያለ እርከን ከሌለ፣ ለምሳሌ በጃቫስክሪፕት ፕሮግራሙ ስህተት አውጥቶ እዚያው ይቆማል።

ጄሶንፓዝ ይህን ሁሉ ኮድ በአንድ መስመር የሚተካ ትንሽ የመጠይቅ ቋንቋ ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ስቴፋን ጎስነር ነው። አርአያ ያደረገው ኤክስፓዝን፣ ማለትም ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኤክስኤምኤል ለተባለው የዳታ አጻጻፍ ይኸንኑ አገልግሎት ሲሰጥ የቆየውን ቋንቋ ነው።

ጎስነር ለማሳያ የፈጠራት የመጻሕፍት መደብር እስከ ዛሬ የጀማሪዎች መለማመጃ ናት። ውስጧ አራት መጻሕፍትና አንድ ቀይ ብስክሌት አሉ። ስሞቹን ወደ አማርኛ ብናዞራቸው፣ የደራሲዎቹ ስም በሙሉ በዚህ ይወጣል፦

$.መደብር.መጽሐፍ[*].ደራሲ

የዶላር ምልክቷ የዳታው ሥር ናት። ነጥቧ አንድ እርከን ታወርዳለች፤ ኮከቧ «ሁሉንም» ማለት ናት። በኮከቧ ቦታ 0 ቢገባ የመጀመሪያው መጽሐፍ ብቻ፣ -1 ቢገባ የመጨረሻው ይመጣል። ዋጋቸው ከ10 በታች የሆኑትን ለመለየት ደግሞ ማጣሪያ አለ፦

$.መደብር.መጽሐፍ[?@.ዋጋ < 10]

እዚህ ላይ @ በየተራ የሚፈተሸውን መጽሐፍ ይወክላል። ባለ 8.95 እና ባለ 8.99 ሁለት መጻሕፍት ይመለሳሉ፤ አንዱ «ሞቢ ዲክ» ነው። 12.99 እና 22.99 የሆኑት ይቀራሉ።

ብዙ ሰው የሚወደው ግን ተከታታዮቹን ሁለት ነጥቦች ነው። $..ዋጋ ብሎ የጻፈ ሰው መንገዱን ሳያውቅ፣ በየትኛውም ጥልቀት ያለ «ዋጋ» የተባለ ሁሉ ተለቅሞ ይመጣለታል። ምቹ ነው፤ እኔ ግን ዳታውን ገና ለመመርመር ካልሆነ በቀር አልመክረውም። በጎስነር መደብር ላይ ቢሞከር አምስት ዋጋ ይመጣል፤ አምስተኛው የብስክሌቱ 19.95 ነው። የመጻሕፍቱን ዋጋ ለመደመር የፈለገ ሰው ብስክሌትም ደምሯል። በዚያ ላይ ፍለጋው እያንዳንዱን ቅርንጫፍ ስለሚያዳርስ፣ ዳታው በገዘፈ ቁጥር ጊዜ ይበላል።

የጎስነር ጽሑፍ መደበኛ ደንብ አልነበረም። ማጣሪያውን ቋንቋው ለሚሠራበት የፕሮግራም ቋንቋ ስለተወው አንዳንድ ላይብረሪዎች በቅንፉ ውስጥ ያለውን እንደ ኮድ ያስኬዱት ነበር፤ መጠይቁ ከማይታወቅ ሰው ከመጣ ይህ ለጥቃት በር መክፈት ነው። አንዱ መጠይቅ በተለያዩ ላይብረሪዎች የተለያየ መልስ መስጠቱም የተለመደ ነበር። አይኢቲኤፍ የተባለው የኢንተርኔት ደንብ አውጪ አካል አርኤፍሲ 9535ን ያወጣው ከ17 ዓመት በኋላ፣ በየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. ነው። ማጣሪያው ያኔ የራሱ ሰዋስው ተበጀለት።

ጄሶንፓዝ የመጣውን ዳታ ይመርጣል እንጂ አይለውጥም። ቅርጹን መለወጥ ለሚፈልግ ጄኪው የተባለ መሣሪያ አለ። ከመጀመሪያው ሰርቨሩ የተፈለገውን ብቻ እንዲልክ ለማድረግ ደግሞ ፌስቡክ በ2015 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ የለቀቀው ግራፍኪውኤል አለ።

በአማርኛ ለሚሠራ ሰው አንድ ደስ የሚል ነገር አለ፦ ደንቡ የግዕዝ ፊደልን ከነጥቧ ቀጥሎ ያለ ምንም ጥቅስ ምልክት ይቀበላል፤ ከላይ ያሉት መጠይቆች እንዳሉ ይሠራሉ። ጥንቃቄው የሚመጣው ከሆሄያቱ ነው። ለአንባቢ «መጽሐፍ» እና «መጽሃፍ» አንድ ናቸው፤ ለጄሶንፓዝ ግን ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው። አንዱ ሰው በሐመሩ «ሐ»፣ ሌላው በሃሌታው «ሃ» ከጻፈ የስህተት መልእክት አይወጣም፤ በደንቡ መሠረት ያልተገኘ ነገር መልሱ ባዶ ዝርዝር ነው። ስለዚህ የአማርኛ ስም የሚጠቀም ቡድን ኮድ ከመጀመሩ በፊት የሆሄ አጻጻፉን ወስኖ መዝገብ ላይ ያስፍር፤ ባዶ መልስ ሲመጣም መጀመሪያ የሚፈትሸው እሱን ይሁን።